«ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ያልነው ልጅ፦ አንድ የጭንቅላት ጉዳት ከአዲስ አበባ ዳር

ለምን ጻፍኩት

ነርስ ነኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ ደቡብ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ካሉ ጤና ጣቢያዎች ባንዱ ነው። የምጽፈው ከዘጠኝ ወር በፊት በኔ ተረኝነት ስለመጣ አንድ ልጅ ነው። በዱላ ተመትቶ መጣ፣ ቁስሉን ሰፍቼ ወደ ቤቱ ሸኘሁት፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ራሱን ስቶ መልሰው አመጡት። ልጁም እናቱም እንድጽፈው ፈቅደዋል። የሰውም፣ የሳይትም፣ የሆስፒታልም ስም አልጠቅስም። ማንነት የሚያስታውቁ አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

እኔ ያን ሌሊት የሠራሁት ስህተት በየቦታው የሚሠራ ስህተት ነው፣ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ጭንቅላቱን የተመታ፣ አረቄ አረቄ የሚሸት ሰው ሲመጣ ጓደኛውም፣ ፖሊሱም፣ እኛም የጤና ባለሙያዎቹ አንድ ዓይነት ነገር ነው የምንለው፦ «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ።»

ልጁና አካባቢው

27 ዓመቱ ነው። ፌራዮ ነው፣ ለግንባታ የሚውለውን ብረት (ፌሮ) የሚቆርጥና የሚያጥፍ። ከገጠር ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ከሦስት የሳይት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። በሙያው የተመሰገነ ነበር። ካፖው፣ የሥራ አለቃው፣ እንደነገረኝ ፕላኑን አንዴ ካየ የስታፋውን (ዋናዎቹን ፌሮዎች የሚያቅፈውን የታጠፈ ብረት) ልክና ብዛት በቃሉ ይይዛል፣ ወረቀት አይፈልግም። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሰፈራችን ገና እየተሠራ ያለ ሰፈር ነው። ኮንዶሚኒየሙ አልቆ እርሻው የሚጀምርበት። ቀን ከሲሚንቶ አቧራና ከሲኖትራክ ጋር ነው የሚዋለው፣ ማታ ደግሞ ብዙው መንገድ መብራት የለውም። ከቤተሰቡ ርቆ የመጣ ወጣት ወንድ በብዛት አለ። ክፍያ ቅዳሜ ማታ ነው። ብሩ ኪስ ሲገባ የሳምንቱ ዕዳም አብሮ ይመጣል፣ ዕዳ የሚወራረደው ደግሞ አረቄ ቤት ተቀምጦ ነው። ዱላ በየቤቱ አለ፣ ፌሮ ቁራጭ በየመንገዱ ወድቋል፣ ድንጋይ የትም አይጠፋም።

በአገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶችን ያየ ሰው የጭንቅላት ጉዳት መነሻ ሆነው ጎልተው የሚታዩት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ያውቃል፤ የመኪና አደጋና ድብደባ። ተጎጂው በብዛት ወጣት ወንድ ነው። እኔ ተረኛ ክፍሉ ውስጥ የማየውም ይሄንኑ ነው፦ ወጣትነት፣ መጠጥ፣ ጨለማ፣ የክፍያ ቀን፣ ዱላ። አንዱ ብቻውን ብዙም አያደርስም፣ ቅዳሜ ማታ ግን ሁሉም ይገናኛሉ።

የዚያ ቅዳሜ ማታ

ጠቡ የተነሳው በ300 ብር ዕዳ ነው። የመታው ልጅ የሥራ ባልደረባው ነው፣ 22 ዓመቱ። አንድ ጊዜ ነው የመታው፣ በዱላ፣ ግራ ጆሮ ግንዱ ላይ። ጊዜው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ልጁ ወደቀ። አረቄ ሻጯ እንደነገሩኝ «አንድ ሲኒ ቡና ቀድቼ እስክጨርስ ድረስ» አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ብድግ ብሎ ልብሱን አራገፈና «ምንም አልሆንኩም» አለ።

3 ሰዓት ላይ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። ያወራል። ስሙን፣ ቀኑን፣ ያለበትን ቦታ ጠየቅኩት፣ ሁሉንም መለሰ። እንደውም ዱላውን ስለሰነዘረው ልጅ እየተናደደ ሲያስረዳኝ ነበር። ከጆሮው ከፍ ብሎ 4 ሳንቲ ሜትር የተሰነጠቀ ቁስል አለው፣ አምስት ቦታ ሰፋሁት። የቴታነስ መከላከያ ሰጠሁት። ለራስ ምታቱ የዲክሎፌናክ መርፌ ወጋሁት። እየሰፋሁት እያለ አስታወከ፣ ትውከቱ አረቄ ይሸታል። «ጠጥቷል» ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ለጓደኞቹ የነገርኳቸው ቃል በቃል ይሄ ነው፦ «ብዙ ጠጥቷል፣ ይተኛ፣ ጠዋት ካመመው አምጡት።»

አሁን ያን ካርድ መልሼ ሳየው ማየት የነበረብኝ ሁሉ እዚያው ተጽፏል። ራሱን ስቶ ነበር። አስታውኳል። የተመታው ጆሮ ግንዱ ላይ ነው። ጠጥቷል። የመጨረሻውን ያየሁት ለሌሎቹ ማብራሪያ አድርጌ ነው። መሆን የነበረበት ግን ተቃራኒው ነው፤ የጠጣ ሰው ሁኔታው በግልጽ ስለማይታይ ካልጠጣው የበለጠ ነው መጠበቅ ያለበት። ዲክሎፌናኩም ቢሆን የደም መርጋትን ስለሚያዳክም የውስጥ መድማት ለሚጠረጠርበት ሰው አይመከርም። ፓራሲታሞል መደርደሪያው ላይ ነበረኝ።

ውስጥ ምን እየሆነ ነበር

ጆሮ ግንድ ላይ የራስ ቅል ስስ ነው። ከአጥንቱ ስር ደግሞ የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ይቀደድና ደሙ በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መሃል መጠራቀም ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ሰውየው ያወራል፣ ይራመዳል፣ ይቆጣል። ደሙ እየበዛ ሲሄድ ግን የራስ ቅል አይሰፋምና አንጎሉን ይጫነዋል። በመሃል ያለችው ደህና የምትመስል ሰዓት ናት ብዙ ሰው የምትበላው። እኔ ያነጋገርኩት በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው።

ሌሊቱን

ጓደኞቹ አስተኙት። አንደኛው ከጎኑ ነው የተኛው። 8 ሰዓት ሌሊት ላይ ሽንት ቤት ሊወጣ ሲነሳ ልጁ ከዚያ በፊት አንኮራፍቶ በማያውቀው ዓይነት ያንኮራፋል። ማንኮራፋት እኛ ዘንድ ጥሩ እንቅልፍ ነው፣ እሱም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያሰበው። ሲመለስ ግን ትራሱ በትውከት ርሷል። ጠራው፣ ነቀነቀው፣ ውሃ ረጨበት። ባጃጅ ያለው ጎረቤት ቀስቅሰው 8 ሰዓት ከ30 ላይ እኔ ጋ ደረሱ። በሩን ስከፍት «ሲስተር፣ አልነቃ አለን» አለኝ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ንቃቱን በግላስጎው መለኪያ ለካሁት። ለማያውቀው፣ ዓይን እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ እንቅስቃሴ እስከ 6 ይሰጠዋል፤ ሙሉው 15፣ ዝቅተኛው 3 ነው። 13ና ከዚያ በላይ ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። እሱ ዓይኑን ሲያሳምሙት ብቻ ይከፍታል፣ ያቃስታል፣ እጁን ወደሚያሳምሙት ቦታ ይሰዳል። 2፣ 2፣ 5፤ ድምሩ 9። የግራ ዓይኑ ብሌን ከቀኙ ሰፍቷል፣ ባትሪ ሳበራበት ቀስ ብሎ ነው የሚጠበው። ማታ ለኔ 15 የነበረ ልጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው በአብዛኛው ትክክል ነበር። በጎኑ አድርገን አፉን አጸዳን፣ አንገቱን እንዳይንቀሳቀስ በተጠቀለለ አንሶላ ግራና ቀኝ ደገፍን፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረግን፣ ኦክስጅን ሰጠን። የደም ግፊቱ እንዳይወርድ ኖርማል ሳላይን ከፈትን። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ኦክስጅን ካነሰው ወይም ግፊቱ ከወረደ ሌላ ጉዳት በላዩ ላይ ይደረብበታል፤ ይሄ ደግሞ ሲቲ ስካን የሌለው ጤና ጣቢያም ሊከላከለው የሚችል ነገር ነው።

ሁለት ነገር ላይ ተከራከርን። የሰከረ ሰው ሲመጣ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ መስጠት በኛ ዘንድ ልማድ ሆኗል። ስኳሩን መጀመሪያ ለካን፣ ደህና ነው፣ አልሰጠንም። ሌላው ስቴሮይድ ነው፤ ባልደረባዬ «የአንጎል እብጠት ይቀንሳል» ብሎ ሊሰጥ አዘጋጅቶ ነበር፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የለመድነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ ከ10,000 በላይ የጭንቅላት ጉዳተኞች የተካተቱበት ጥናት ግን ስቴሮይድ ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ተወው። መድማትን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ደግሞ ጥቅሙ ከተመታ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። 3 ሰዓት ማታ ላይ ሲመጣ ቢሆን ጊዜው ነበር። አሁን አልፏል።

አምቡላንስ ስንደውል ሌላ ጥሪ ላይ ናቸው። 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የተነሳነው፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። 10 ሰዓት የመጀመሪያው ሆስፒታል ደረስን፣ ሲቲ ስካኑ አይሠራም። ሌላ ቦታ ሄደን ሲቲ ስካኑን ተነሳ፣ ጓደኞቹ ሌሊቱን ሰው እየቀሰቀሱ በቴሌብር ብር ሰበሰቡ። ከዚያ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ያለበት ሁለተኛ ሆስፒታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። ከተመታ 11 ሰዓት፣ ከኔ እጅ ወጥቶ ከሄደ ደግሞ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሆኖታል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያን ጠዋት ልጁን ያዳነው ወጣት ሐኪም እዚሁ የተማረ ነው። ሳመሰግነው ዓይኑ ቀልቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ወደሚቀጥለው ታካሚ እየሄደ ነበር።

ከሆስፒታል ወጣ፣ ግን…

በዘጠነኛው ቀን ወጣ። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ሰው ያውቃል። ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ዳነ» አለ። እኔም ብያለሁ። ጉዳቱ ግን ገና መታየት ሊጀምር ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ሥራ ጀመረ። ሄጄ ጠየቅኩት። የፌሮ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል። ስታፋ ያጥፋል፣ ይቆጥራል፣ አሥራ ምናምን ላይ ሲደርስ ያቆማል፣ ወደኋላ ያያል፣ ከአንድ ይጀምራል። ጠዋት ያጠፈው ክምር በሁለት ዓይነት ልክ ተሠርቶ ተደባልቋል። ካፖው ምንም አላለውም፣ ዞር ብሎ ብቻውን ይለያል። ልጁ አየው። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ከማንም ጋር አላወራም።

ሽታም ጠፍቶበታል። ጓደኛው የነገረኝ ሽሮው ሲያር እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፣ ጭሱ ዓይኑን እስኪያቃጥለው ድረስ አላወቀም። ቡታጋዝ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ቁጣው። ቀድሞ ዝምተኛ ነበር፣ አሁን የሙዚቃ ድምፅ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የሚንኳኳ ቆርቆሮ ያስነሳዋል። ሁለት ጊዜ ሊደባደብ ሲል ነው የያዙት። ይሄን በደንብ አስምሩልኝ፣ አንዴ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሁለተኛ ለመመታት ቅርብ ይሆናል፤ ንዴቱን የሚቆጣጠርበት አቅም ራሱ ተጎድቷልና። ሰፈሩ ግን «አረቄ ለመደ» ወይም «ጠባዩ ተበላሸ» ነው የሚለው።

በሰባተኛው ሳምንት ጣለው። መጀመሪያ የሚጥል በሽታ መሆኑን ያወቀ የለም። ፌኖባርቢታል ተጀመረለት፣ ርካሽ ነው፣ እኛ ጋም ይገኛል። እናቱ ከገጠር መጡና ጠበል ወሰዱት። መድኃኒቱን ከጠበል ጋር መውሰድ ነውር መስሏቸው አስቆሙት፤ በአሥር ቀን ውስጥ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጣለው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ራሱ ይጥላል። እናቱ ጋ ደውዬ «እማማ፣ ጠበሉን አይተዉ፣ ኪኒኑን ግን አይርሱ» ብላቸው አላመኑኝም ነበር። ያሳመኗቸው እዚያው ያሉት ቄስ ናቸው፣ «ኪኒኑን በጠበሉ ዋጠው» ብለውት። ከዚያ ወዲህ አላቋረጠም።

ሽምግልናውና ፖሊስ

ይሄኛው ክፍል ከሕክምናው ባልተናነሰ ያስተማረኝ ነው።

ልጁ በተመታ በ12ኛው ቀን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ የሰፈራችን የዕድር ዳኛ ናቸው። የቸኮሉትም በምክንያት ነው፤ የተጎጂው ወንድሞች ከገጠር መጥተው ነበር፣ ሌላ ደም እንዳይፈስ ፈርተዋል። መቺው የሕክምናውን ወጪ ከፈለ፣ እግር ላይ ወደቀ፣ ልጁም «ይቅር ብያለሁ» አለ። ዕርቁ ያን ሌሊት ሊመጣ የነበረውን በቀል አስቀርቷል። ለዚህ አክብሮት አለኝ።

ችግሩ ካሣው በዚያው ቀን መዘጋቱ ነው። በ12ኛው ቀን ልጁ ሥራው እንደሚበላሽ፣ እንደሚጥለው፣ ሽታ እንዳጣ ማንም አያውቅም። እሱ ራሱ ያን ቀን የተባለውን አሁን አያስታውሰውም፣ ጠይቄዋለሁ። የማያስታውሰውን ስምምነት ነው የፈረመው።

ፖሊስ ጋ ያለው መዝገብም ከዚህ የባሰ ነበር። የመጀመሪያውን የሕክምና ማስረጃ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚያች ደህና በምትመስል ሰዓት፦ «4 ሳንቲ ሜትር የቆዳ ቁስል፣ ቀላል ጉዳት።» መዝገቡ በዚያ ነው የተከፈተው። ከባድ የአካል ጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ነው የሚታየው፣ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስከትል ይችላል። ቀላሉ አንቀጽ 556 ሲሆን የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጹ በግል አቤቱታ ነው የሚሄደው፣ በዚያ ከተያዘ ዕርቅ ሲወርድ መዝገቡም አብሮ ይተኛል። የኔ አንድ መስመር ጉዳዩን ወደዚያኛው ገፋችው። ከሆስፒታል ሁለተኛ ማስረጃ እስኪመጣና መዝገቡ እስኪስተካከል ሁለት ወር ፈጀ።

ምን ሞከርን፣ ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ጤና ጣቢያችን ውስጥ መጀመሪያ ያደረግነው ወረቀት ማዘጋጀት ነበር፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ግማሽ ገጽ፣ የተመታን ሰው ቤት ይዞ ለሚሄድ። ብዙም አልሠራም። ማታ፣ በጨለማ፣ ሞቅ ያለው ጓደኛ ወረቀት አያነብም። መሬት ላይ ወድቆ ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ ትጠርገዋለች። የሠራው አንዱን ሰው ለይቶ ስሙንና ስልኩን መዝግቦ ለሱ ብቻ መንገርና መልሶ እንዲነግረኝ ማድረግ ነው፦ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ከጣለው፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ ካልነቃ፣ ወዲያው ይዘህ ና። «ሌሊቱን ደጋግመህ ቀስቅሰው፣ ስሙን ይንገርህ» እላለሁ። ሰውዬው መልሶ ሲነግረኝ የረሳው ነገር ወዲያው ይታወቃል።

ራሱን ስቶ የነበረ ወይም የጠጣ ሰው ቢያንስ ለስድስት ሰዓት እኛው ጋ ይቆይ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ንቃቱ ይለካ አልን። ይሄ ግማሽ በግማሽ ነው የሚሠራው። ሌሊት አንድ ነርስ ናት፣ ወላድ ከመጣች መለካቱ ይቀራል። ቀን ላይ ግን እንሠራዋለን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ዓይናችን ፊት ሲደክም አይተን በጊዜ ልከናል።

ተቋራጩን ክፍያውን ከቅዳሜ ማታ ወደ ሌላ ቀን እንዲያዞር ለመንነው። እምቢ አለ። አሁንም ቅዳሜ ማታ ነው።

ያልጠበቅኩት እርዳታ የመጣው ከአረቄ ሻጯ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ያን ማታ ቤታቸው ስለሆነ በጣም አዝነው ነበር። አሁን ዱላ ይዞ የሚገባ ሰው በር ላይ አስቀምጦ ነው የሚገባው፣ ሲወጣ ይወስዳል። ሰው ወድቆ ከተነሳ ደግሞ «ሰክሮ ነው» ሲባል አይሰሙም፣ ለኔ ወይም ለተረኛው ይደውላሉ። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ወድቀው በሳቸው ስልክ ነው የደረስንላቸው።

ሌላ ቦታ ላላችሁ

ባለሙያ ከሆናችሁ፣ ካርዱ ላይ «ሰክሯል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ስኳሩን፣ ብሌኑን፣ ንቃቱን ቁጥር አድርጋችሁ ጻፉ። ቁጥር ከሌለ ከሁለት ሰዓት በኋላ መውረዱን የምታውቁበት ምንም ነገር የላችሁም። ለፖሊስ የምትጽፉትን የመጀመሪያ ማስረጃ ደግሞ አትዝጉት፤ «የጭንቅላት ጉዳት፣ ክትትል ላይ ያለ፣ የመጨረሻ ውጤቱ ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ እውነቱም እሱ ነው።

ሽማግሌ ከሆናችሁ ዕርቁን ዛሬ አውርዱ፣ ካሣውን ግን ቢያንስ ስድስት ወር ክፍት አድርጉት። ቤተሰብ ከሆናችሁ «ጠባዩ ተለወጠ» የምትሉት ነገር ከምቱ የመጣ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ተናገሩ። ልጁ ራሱ አይናገርም፣ አያውቀውማ።

ሴቶቹን ሳላነሳ አላልፍም። ከዚህ ጉዳይ በኋላ ፊታቸው አብጦ ለሚመጡ ሴቶች አንድ ጥያቄ መጨመር ጀመርኩ፤ «ጭንቅላትሽን ከዚህ በፊት ተመትተሽ ታውቂያለሽ?» በር መታኝ ያለችኝ አንዲት እናት መጋረጃውን ስዘጋው በጣቷ ቆጠረች። አራተኛ ጊዜዋ ነበር። ራስ ምታት፣ መርሳት፣ እንቅልፍ ማጣት ብላ ለወራት ስትመላለስ የጨጓራና የደም ማነስ መድኃኒት ነበር የምንሰጣት። የወንዶቹ ድብደባ ቅዳሜ ማታ አደባባይ ላይ ነው፣ የሷ ቤት ውስጥ ነው፤ ማንም አያመጣትም። ተደጋግሞ የሚመታ ጭንቅላት ጉዳቱ እየተደራረበ ይሄዳል።

አሁን ያለበት

ፌራዮነቱን አልተወም፣ ግን ብቻውን አይቆርጥም። ካፖው ደብተር ገዝቶለታል። እያንዳንዷን አሥር ስታፋ ሲጨርስ አንድ መስመር ያሰምራል፣ ልኩን ከላይ ይጽፋል። ደሞዙ ቀንሷል። መጠጥ አቁሟል፣ ከኪኒኑ ጋር እንደማይሄድ ነግሬዋለሁ። ከጣለው ሦስት ወር አልፎታል። በየወሩ ፌኖባርቢታሉን ሊወስድ ሲመጣ ደብተሩን ያሳየኛል።

ሽማግሌዎቹ የካሣውን ነገር እንደገና ለማየት ተስማምተዋል፣ መቺውም እሺ ብሏል። በሚቀጥለው ወር ይቀመጣሉ። የሕክምና ወረቀቱን እኔው ነኝ የማዘጋጀው፣ ደብተሩንም ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።